ትንፋሹን አትቁረጪው

ከባህል ጽሕፈት ቤቱ የድምፅ ክፍል በጡረታ በተሰናበትኩ ቀን ወጣቶቹ ባልደረቦቼ ኬክ ቆርሰው ሙዚቃ ከፈቱ። አንድ የዛሬ ልጅ በአማርኛ ራፕ ያደርጋል። ሁሉም አንገቱን ይነቀንቃል። እኔ ነጠላዬን አስተካክዬ እንደተቀመጥኩ፣ «ልጁ ጎበዝ ነው፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ግን ትንፋሽ የወሰደው ያለቦታው ነው» አልኩ።

አንዷ ልጅ፣ «እትዬ ጽጌ፣ አንቺ ደግሞ ራፕ ከየት ታውቂያለሽ? ከዚህ ክፍልና ከቤተ ክርስቲያን ሌላ የምትሄጂበት የለሽ» አለችኝ። ሁላችንም ሳቅን። ኬክ ይዤ የምመልሰው ጥያቄ ስላልነበረ፣ ይህን የጻፍኩት በጽሑፍ ልመልስላቸው ብዬ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ደርግ ከመጣ ጥቂት ዓመት በኋላ፣ እዚሁ ድሬዳዋ፣ በአንድ ፋብሪካ የድምፅ ማጉያ ክፍል ውስጥ ነው። ፈረቃ ሲቀየር ማርሽ አሰማለሁ፤ ማስታወቂያ አነባለሁ፤ የስብሰባ ጥሪ አስተላልፋለሁ። አለቃዬ መልካም ሰው ነበር፤ ዝምታ ብቻ አይወድም። ማርሹ አልቆ ማስታወቂያው ትንሽ ከዘገየ በሩን ከፍቶ ይገባል።

«ጓዲት ጽጌ፣ ዝምታ የቆመ ማሽን ነው» ይለኛል።

እኔም አንድ እጄን ባለቀው፣ ሌላውን በሚጀምረው ላይ አድርጌ፣ ክፍተት የሚባል ነገር አጠፋሁ። ተመሰገንኩበት። እጄ ያንን ለመደ።

አው ዩሱፍን ያወቅኋቸው ማጉያው ተበላሽቶ ሊጠግኑ ሲመጡ ነው። «አው» ሐረሪዎች ለታላቅ ሰው የሚሰጡት የክብር ስም ነው። መጋላ ሰፈር ውስጥ የካሴት መሸጫና መቅጃ ሱቅ ነበራቸው። ሽቦውን እየበየዱ ሥራዬን ሲያዩ ቆዩና፣ «እጅሽ ፈጣን ነው» አሉኝ። «ጆሮሽን ግን ገና አላየሁትም።»

ሁለተኛ ልጄን ስወልድ ፈረቃው አልመች አለኝ። ባለቤቴ የባቡር ሠራተኛ ስለነበረ ብዙ ሌሊት ቤት አያድርም። አው ዩሱፍ ቀጂ እንደሚፈልጉ ሰምቼ ሄድኩ። ደመወዙ ከፋብሪካው ያንስ ነበር፤ ግን እኩለ ቀን ላይ ሱቁ ስለሚዘጋ ልጆቼን ራሴ ምሳ አበላቸዋለሁ። ለዚህ እግዚአብሔርን እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ።

በመጀመሪያው ቀን «እርስዎ» ስላቸው ቀና ብለው አዩኝ። «እዚህ ድሬዳዋ ነው፣ አቦ። አንተ በይኝ።» አልቻልኩም። እሳቸው «አንቺ»፣ እኔ «እርስዎ» እንደተባባልን ኖርን።

ከፊት ባለው ክፍል እሳቸው ይሸጣሉ፤ ከኋላ ባለው እኔ እቀዳለሁ። ደንበኛው በወረቀት ዘርዝሮ ይመጣል፤ ይሄን የኦሮሞ ዘፈን፣ ያንን የሐረሪ፣ ሁለት የሱዳን፣ አንድ የህንድ። በሌላ ሱቅ አንድ ካሴት ላይ አሥር ዘፈን ሲገባ እኔ አሥራ ሁለት አስገባ ነበር። ምስጢሩ ፖዝ የምትባለው ቁልፍ ላይ ነው። ቁልፏን ሲጫኗት ካሴቱ ይቆማል፣ ሲለቋት ይቀጥላል። በዘፈንና በዘፈን መካከል ያለውን ባዶ በእሷ እበላዋለሁ። ደንበኞች ወደዱት። አው ዩሱፍ አልከለከሉኝም፤ ግን አመሰገኑኝ ማለት አልችልም።

የእሳቸው አሠራር ሌላ ነው። ካሴት ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ። አዲስ ካሴት ሲመጣ ሦስት ጊዜ ይሰሙታል። መጀመሪያ መዳፋቸውን ስፒከሩ ላይ አድርገው ምቱን በእጃቸው ይሰማሉ። ሁለተኛ፣ ሁለት ጣሳ ፊታቸው ያስቀምጣሉ፤ አንዱ ሽምብራ አለበት። ዘፋኙ ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር አንድ ሽምብራ ከዚህኛው ወደዚያኛው ያሻግራሉ። ሦስተኛ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ዝም ብለው ይሰማሉ። ከዚህ በፊት ስለ ዘፈኑ አንዲት ቃል አይናገሩም። ቋንቋውን ቢያውቁትም ባያውቁትም ያው ነው። ለእኔ ሽምብራው የሽማግሌ ጨዋታ ነበር የሚመስለኝ።

ያንን ካሴት ያመጣችው ኤዶ ፋጡማ ናት። «ኤዶ» በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ እንዲያ ይላታል። በጅቡቲ ባቡር እየተመላለሰች ሻርፕና ሽቶ የምትነግድ፣ በሠርግ ላይ ደግሞ ቡራንቡር የምትል ሴት ነበረች። ቡራንቡር የሶማሌ ሴቶች ከበሮ እየመቱ የሚሉት ግጥም ነው። አንዷ ትላለች፣ ሌሎቹ በጭብጨባና በእልልታ ይመልሳሉ። ኤዶ ስትጀምር የመጋላ ሴቶች ሕፃን ይዘውም ቢሆን ይሮጡ ነበር። እሷን «አንቱ» ማለት አይታሰብም፤ «ገና አላረጀሁም» ብላ ትቆጣለች።

«ወሪያ ዩሱፍ፣ ይሄን ስማ» አለች ካሴቱን ባንኮኒው ላይ እየጣለች። «የአሜሪካ ጥቁሮች ቡራንቡር ነው።»

ከፈትነው። ከበሮ ይመታል። ከዚያ አንድ ሰው መናገር ጀመረ። ተናገረ፣ ተናገረ፤ አልዘፈነም።

«ዘፈኑስ መቼ ነው የሚጀምረው?» አልኩ።

«ይኸው ነው» አለች ኤዶ።

«ቀፊራ ገበያ ቲማቲም የሚሸጥ ሰው ይመስላል።»

«ቲማቲም እንዲህ የሚሸጥ ካለ እኔ በሙሉ እገዛዋለሁ» አለች።

ራፕ የሚለውን ስም የዚያን ጊዜ አናውቅም። እኔ ግን በማግሥቱ ደግሜ ሳሰማው ወደድኩት። አፉ ይገርም ነበር። ቃሉ ቃሉን እየገፋ ይመጣል፤ ምላሱ አይደናቀፍም። «እንዴት ይፈጥናል» አልኳቸው አው ዩሱፍን።

«ፍጥነቱንማ ሁሉም ሰው ይሰማል» አሉኝ። ሽምብራቸውን ይቆጥሩ ነበርና ሌላ አልጠየቅኋቸውም። ባለመጠየቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አንድ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ደንበኛ ነበረን፤ ቃሉን ጥቂት ተረጎመልን። ሰውየው ስሙን ይናገራል፣ ሰፈሩን ይናገራል፣ ከእኔ የሚሻል አፍ ያለው ካለ ይምጣ ይላል። «ፉከራ ነዋ» አልኩ። ሆኖም ኅሊናዬ ስላላረፈ የነፍስ አባቴን ጠየቅኋቸው።

«ስድብ አለበት?» አሉኝ።

«እንግሊዝኛ ነው አባ፣ ሁሉን አላውቀውም።»

«አንቺ ካላወቅሽው እኔ ምን ልፍረድ? ሥራሽን ሥሪ፤ በዐቢይ ጾም ግን ድምፁን ቀንሺው።»

እንዳሉኝ አደረግሁ።

ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

የኤዶ ልጅ ሳህራ ጅቡቲ ዘመድ ቤት አድጋ እዚያው ልትዳር ሆነ። ኤዶ ለልጇ ሠርግ ቡራንቡር ከገጠመች ወራት አልፏል። ሠርጉ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ግን የይለፍ ወረቀት ተከለከለች። ዛሬ ነገ እያሉ አመላለሷት፤ በመጨረሻ «ለአሁን አይቻልም» ተባለች። ሰፈሩ ሁሉ አዘነ። እናት በሌለችበት ልጅ ትዳራለች፤ ያ ግጥም ደግሞ በሌላ ሰው አፍ የሚባል አይደለም።

የሶማሌ ቤተሰቦች ያኔ ደብዳቤያቸውን በካሴት ነበር የሚላላኩት፤ ሰላምታውን፣ ምርቃቱን፣ ግጥሙን በድምፅ ቀድተው ይሰዳሉ። ኤዶም በካሴት ልትሄድ ወሰነች። ዓርብ ቀትር ላይ መጣች። የአጎቷ ልጅ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በሚነሣው ባቡር ይዛላት ትሄዳለች። ሠርጉ እሑድ ነው፤ ቀጣዩ ባቡር ሰኞ።

አው ዩሱፍ ለጁምዓ ሶላት እየወጡ ነበር። «ጽጌ ትቀዳልሻለች» አሏትና ሄዱ።

ኤዶ ማይክራፎኑ ፊት ተቀመጠች። «በአንድ ፊት አድርጊልኝ» አለችኝ። «በሠርጉ መሀል ካሴት የሚገለብጥ እንዳይፈለግ።»

ሰላምታው ረዘመ። የአክስት ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ፣ የሞተው ባሏ ወንድም፣ አንድም አልቀረም። ካሴቱን አየሁት፤ የቀረው ጥቂት ነው። ግጥሙ አይበቃውም ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ኤዶ የቆርቆሮ ሳጥን በጣቷ እየመታች ጀመረች።

አንድ መስመር ትልና ታርፋለች። ጣቷ ይመታል፤ እሷ ዝም ትላለች። ደግሞ አንድ መስመር። እኔ በዚያ ዝምታ ውስጥ የሰማሁት የሚያልቅ ካሴት ብቻ ነበር። እጄም ለምዶታልና ባረፈች ቁጥር ፖዝን ተጫንኩ፤ ስትጀምር ለቀቅሁ። እየቆየ ደስ አለኝ። ያ አሜሪካዊ እንደሚፈጥነው ትፈጥናለች፤ መስመሩ መስመሩን ይገፋል ብዬ አሰብኩ። የማሳምርላት መስሎኝ ነበር። ግጥሙ ካሴቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው በልክ ገባ።

«ልትሰሚው ትፈልጊያለሽ?»

«የራሴን ድምፅ አልሰማም፣ ያሳፍረኛል» አለች። ዓይኗ እርጥብ ነበር። እጄን ሳም አድርጋ ካሴቱን ይዛ ወደ ጣቢያው ሮጠች። ግልባጭ ሳናስቀር ካሴት ከሱቁ አይወጣም ነበርና ሁለተኛው ማሽን በዚያችው ቁልፍ እየቆመና እየተነሣ አብሮ ቀድቶ ነበር።

አው ዩሱፍ ከሶላት ሲመለሱ ኮርቼ አሰማኋቸው። መዳፋቸውን ስፒከሩ ላይ አደረጉ። ጥቂት ቆይተው አነሱት።

«ሴቶቹ የት ላይ ይመልሳሉ?» አሉኝ።

አልገባኝም።

«ኤዶ ዝም የምትለው ሴቶቹ እንዲያጨበጭቡ ነው። ቦታቸው የት አለ?»

ደግመው አሰሙኝ። «ይሄንንም ስሚው። የእያንዳንዱ መስመር ራስ የለም።» እውነት ነበር። ቁልፉ ሲለቀቅ ካሴቱ እስኪነሣ ትንሽ ይዘገያል፤ በዚያች ቅጽበት የመስመሩ የመጀመሪያ ድምፅ ይዋጣል። በሶማሊኛ ግጥም ቤት የሚመታው መጨረሻ ላይ አይደለም። ግጥሙ በሙሉ በአንድ ድምፅ ይያያዛል፤ መስመር ሁሉ ያ ድምፅ ያለበት ቃል ሊኖረው ይገባል። ኤዶ ለሳህራ ስም ብላ ግጥሙን በ«ሰ» ገጥማዋለች፤ ያንን ቃል ደግሞ በየመስመሩ መጀመሪያ ላይ ነበር ያዋለችው። እኔ «ሰ»ዎቹን በሙሉ ለቅሜ አውጥቻቸዋለሁ።

«ኤዶ የት ናት?» አሉ።

የባቡሩ ጥሩምባ ተሰማ።

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። «ሄደሽ ንገሪያት» አሉኝ ብቻ።

ኤዶን ቤቷ ደጃፍ ተቀምጣ አገኘኋት። ነገርኳት።

«ምላሴን ቆረጥሽው እኮ» አለች።

«አዎ ኤዶ።»

«ሴቶቹ እንደ ግንድ ቆመው ነዋ የሚሰሙኝ።»

«አዎ።»

«እናቷ በሠርጓ ቀን አፏ ተሳሰረ ይላሉ።»

ስልክ ብትደውልስ ብዬ አንሥቼ ነበር፤ ለውጭ አገር ጥሪ የሚጠበቀውን ወረፋ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ለእሑድ አይደርስም። ተነሥታ ውሃ አመጣችልኝ። «ጠጪና ሂጂ» አለችኝ። «ልጆችሽ ምሳ አልበሉም።»

ያንን ውሃ አልረሳውም።

በማግሥቱ ቅዳሜ አው ዩሱፍ የአሜሪካውን ካሴት አስገቡና ሁለቱን ጣሳ እኔ ፊት አኖሩ። «ዛሬ አንቺ ነሽ» አሉ።

መጀመሪያ አንድም ሽምብራ አላነሣሁም። «ይሄ ሰው አይተነፍስም» አልኩ።

«ሰው ነው፤ ይተነፍሳል። የት እንደሚደብቀው ፈልጊ።»

እስከ ምሳ ሰዓት አንዱን ዘፈን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። ቀስ በቀስ ሰውየው ይገለጥልኝ ጀመር። ትንፋሹን ከበሮው ጠንክሮ ከሚመታበት ሥር ይደብቀዋል፤ ከበሮው ሲመታ እሱ አየር ይስባል፣ ሰሚው የሰማው ከበሮውን ነው። ሦስት መስመር ቸኩሎ አራተኛው ላይ አንድ ቃል ያጎድላል፤ የጎደለውን ከበሮው ይሞላለታል። ቸኩሎ የመጣው ለዚያች ማረፊያ ነበር። እኔ ሩጫውን ብቻ ሰምቼ፣ የሚሮጥባትን ቦታ አልሰማሁም።

ሌላም አገኘሁ። ቤት የሚመታው መጨረሻ ላይ ብቻ አይደለም፤ መሀል ላይ አንዱን ቃል ይጥልና ዘንግተነው ሳለ ጓደኛውን ያመጣለታል። አንዳንዱን ቃል ከምቱ ጥቂት አዘግይቶ ይጥለዋል፣ የደከመ ሰው ወንበር ላይ እንደሚቀመጠው። ድምፁን ከፍ የሚያደርገው በዘፈኑ ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም ይሰማሉ። አንዱ ዘፈን ላይ ጓደኛ ነበረው። እሱ መስመሩን ይጀምራል፣ ጓደኛው የመጨረሻዋን ቃል ይዞ ይዘጋል፤ ቀጥሎ ይቀያየራሉ። ጣቢያው ላይ ኩሊዎች ጆንያ ሲቀባበሉ አይታችሁ እንደሆነ እንደዚያ ነው። አንዱ ካልለቀቀ ሌላው አይዝም፤ መልቀቂያዋን ሁለቱም ያውቋታል።

ቋንቋውን አላውቅም። ግን ይህን ያህል የደከመበትን ሥራ መናቅ ኃጢአት ነው። ያ ሰው ማን እንደሆነ ሳላውቅ አከበርኩት።

«ስንት ሆነ?» አሉኝ አው ዩሱፍ ጣሳውን እያዩ።

«ሠላሳ አራት።»

«እኔ ሠላሳ ስድስት አገኘሁ። ሁለቱን ነገ ታገኛቸዋለሽ።» ከዚያ ተነሥተው ሱቁን ሊዘጉ ቁልፍ አነሱ። በሩ ላይ ደርሰው፣ «ጽጌ፣ የሰው ትንፋሽ የሰውየው ነው። አትቁረጪው» አሉኝ።

ከእሳቸው ሱቅ በኋላ በባህል ጽሕፈት ቤቱ የኦሮሞና የሶማሌ ሽማግሌዎችን፣ መንዙማ አውጪዎችን፣ ብዙ ሰው ቀድቻለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው እየተናገረ ቁልፍ ነክቼ አላውቅም። ለአዲስ ሠራተኛም ሽምብራውን አስተምሬአለሁ። ይስቁብኛል፤ በኋላ ግን ይቆጥራሉ።

እሑድ ጧት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ማኅሌት ላይ መሪጌታው አንዱን ቃል ስበው ሲያርፉ፣ ጸናጽሉ በዚያ ማረፊያ ላይ ሲወርድ ሰማሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬ የዚያን ቀን ነው የሰማሁት። ጧፍ አበራሁ። ሳህራ ሙስሊም ናት፤ ለሠርጓ ለእመቤታችን ነገርኩላት። «የእኔን ጥፋት በእሷ ቀን ላይ አታውዪው» አልኩ።

ሳምንት አለፈ። ኤዶ ወደ ሱቁ አልመጣችም። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ጧት ስከፍት ደጃፉ ላይ ቆማ አገኘኋት። ካሴት ይዛለች።

«ከሳህራ የመጣ ነው» አለች። «እዚህ ልስማው ብዬ ነው። ብቻዬን ፈራሁ።»

አው ዩሱፍ እጃቸውን ታጥበው አስገቡት። ሦስታችንም ቆመን ሰማን።

የሠርግ ጫጫታ ነው፤ ሕፃን ያለቅሳል፣ ሳህን ይጋጫል። ከዚያ የኤዶ ድምፅ ከእኔ ካሴት ውስጥ ወጣ፤ ራሱ የተቆረጠው የመጀመሪያው መስመር። ዓይኔን ጨፈንኩ። ሁለተኛውም ተከትሎ ገፋው። ሴቶቹ ማጨብጨብ ይጀምራሉ፣ ይስታሉ፣ ይተዋሉ። አንዷ በሶማሊኛ የሆነ ነገር አለች፤ ሳቅ ተሰማ። ኤዶ መሀረቧን አፏ ላይ አደረገች።

ከዚያ ጠቅ የሚል ድምፅ መጣ። የኤዶ ድምፅ ቆመ። ካሴቱ ወደ ኋላ ሲጠነጠን ተሰማ። አንዲት ወጣት ሴት ቀጭን ግን የማይንቀጠቀጥ ድምፅ አውጥታ አንድ ቃል አለች፤ በ«ሰ» የሚጀምር። ጠቅ። የኤዶ መስመር ከዚያ ቃል ቀጥሎ ገባ። ጠቅ። ዝምታ። ከበሮ፣ ጭብጨባ፣ እልልታ። ደግሞ ያች ድምፅ፣ አንድ ቃል። ጠቅ። እናትየዋ።

«ሳህራ ናት» አለች ኤዶ። «ሙሽራዋ ራሷ ናት።»

ሙሽራ በሠርጓ ቀን ተሸፍና፣ ዝም ብላ ነው የምትቀመጠው። ሳህራ ግን ቴፑ አጠገብ ተቀምጣ፣ እናቷ የምታርፍበትን በቁልፉ እያቆመች፣ የተዋጠውን ቃል ራሷ እየሞላች ግጥሙን ከዳር እስከ ዳር አወጣችው። ግጥሙን ከዚያ በፊት ሰምታው አታውቅም። ስሟ በምን እንደሚጀምርና እናቷ እንዴት እንደምታስብ ታውቃለች፤ ቃሉን ከዚያ አገኘችው። ሁለት መስመር ላይ ኤዶ፣ «እኔ ያልኩት ሌላ ነበር» አለች። ጥቂት ቆይታ፣ «የሷ ይሻላል» አለች።

አው ዩሱፍ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ሲያልቅ ኤዶ ፊቷን ጠረገችና ካሴቱን አውጥታ ሰጠችኝ።

«ግልባጭ አድርጊልኝ» አለች። «አንድ ለእኔ፣ አንድ ለራስሽ።»

የኋላ ክፍል ገባሁ። ሁለቱንም ማሽን አስነሣሁ። ከዚያ እጆቼን ጉልበቴ ላይ አጣጥፌ፣ ጫጫታውን፣ ሕፃኑን፣ ዝምታውን ሁሉ እስኪያልቅ ድረስ ሰማሁት።